ሁለት ሥራ በአንድ ሰውነት



ባለፈው ሳምንት ከንባብ ስንወጣ አንድ አባት እያነከሱ ሲሄዱ አየናቸው። «ምን ሆነው ነው አባባ?» አልናቸው። «ቁርጭምጭሚቴ ነው፤ አምና ዞረብኝ። ዘሩ ይግባ እንጂ እሱንስ በኋላ አስታምመዋለሁ» አሉን። «ሐኪም አላዩትም?» ብንል ሳቁብን። እኛም የምንመልሰው አጣን። ማታ ቁጭ ብለን ስንጨዋወት ግን ከመካከላችን አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ስለ ጎዳ አንድ እንግሊዛዊ ስፖርተኛ ያነበበውን አነሳ። ዛሬ የምናወራችሁ ስለዚህ ሰው ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንናገረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰውየው አንድሩ ፍሊንቶፍ ይባላል። በ1977 በሰሜን እንግሊዝ፣ ላንካሻየር በሚባል አውራጃ፣ በፕሬስተን ከተማ ተወለደ። ይጫወት የነበረው ክሪኬት ነው። እኛም ጨዋታውን ያወቅነው በንባብና በፊልም ነው እንጂ ተጫውተነው አናውቅም። እንዲህ ነው፦ ሁለት ቡድን አለ፤ በየቡድኑ 11 ሰው። በሜዳው መካከል ሃያ ሜትር ያህል ተራርቀው በሁለት ቦታ ሦስት ሦስት ችካል ይተከላል። የአንዱ ወገን ሰው ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን ሰው ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ ከችካሉ ፊት ይቆማል። ወርዋሪው ችካሉን መምታት ይፈልጋል። መቺው ደግሞ ኳሷን አርቆ መትቶ፣ ከችካል ወደ ችካል እየሮጠ ነጥብ መሰብሰብ ይፈልጋል። ችካሉ ከተመታ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ይወጣል፤ ሌላው ይተካል። አሥር ሰው ሲወጣ የዚያ ወገን ተራ ያበቃል። በአገርና በአገር መካከል የሚደረገው ትልቁ ግጥሚያ ቴስት ይባላል፤ እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። አዎን፣ አምስት ቀን! በመካከሉ ምሳም ሻይም አለ። ይህን ስንነግራቸው «ከሠርግ ይረዝማል» ያሉን ነበሩ፤ አልተሳሳቱም።

ከተጫዋቾቹ አንዳንዱ ሙያው መወርወር ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ መምታት። ሁለቱንም አጣምሮ የሚችል ጥቂት ነው። እሱን ኦልራውንደር ይሉታል። እንዲህ ያለው ሰው ለቡድኑ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል። ሰውነቱ ግን ያው አንድ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ፍሊንቶፍ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ግዙፍ ሰው ነው። ኳሷ ውስጧ ቡሽ፣ ውጪዋ ቆዳ ነው፤ እንደ ድንጋይ ትጠነክራለች። እሱ ሲወረውራት በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ክንዱን ብቻ በማወዛወዝ አይደለም። ከሩቅ ሮጦ ይመጣል፣ ይዘላል፣ ከዚያ በግራ እግሩ መሬቱን ረግጦ ድንገት ይቆምና ያን ጊዜ ኳሷን ይለቃታል። በዚያች ቅጽበት እግሩ የሚሸከመው ክብደት ከሰውነቱ ክብደት ብዙ እጥፍ ነው። ስድስት ውርወራ አንድ ዙር ይባላል። በቀን ሃያ ዙር የወረወረ ሰው 120 ጊዜ በዚያው በአንዱ እግሩ ላይ ወርዷል ማለት ነው። ዘነዘና ሙቀጫን ሲወቅጥ አስቡት። ይህ ሰው ደግሞ ወርውሮ ሲጨርስ ዐረፍ አይልም፤ ተራው ሲደርስ ዱላውን ይዞ ይገባል።

ለአገሩ መጫወት የጀመረው በ1998፣ በ20 ዓመቱ ነው። ጀርባውን ያመው የጀመረው ገና በወጣትነቱ ነው። በ2002 በቡአ ምክንያት ኦፕራሲዮን ሆነ፤ ቶሎ ስላልዳነለትም በዚያው ክረምት አውስትራሊያ ላይ የተደረጉት አምስቱ ቴስቶች አመለጡት። በ2005 መጀመሪያ ላይ በግራ ቁርጭምጭሚቱ የበቀለችውን ትርፍ አጥንት ሐኪሞች አወጡለት።

ስሙ የገነነው በዚያው ዓመት በበጋው ነው። እንግሊዝና አውስትራሊያ የሚፎካከሩበት ውድድር አሽስ ይባላል፤ ትርጉሙ አመድ ነው። ሽልማቱ አመድ ያለባት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ናት፤ ከጭብጥ ብዙም አትበልጥም። ለዚህች ሸክላ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ! እንግሊዝ ካሸነፈች 18 ዓመት አልፏት ነበር። በርሚንግሃም ከተማ፣ ኤጅባስተን በሚባለው ሜዳ ሁለተኛው ቴስት ሲደረግ፣ ፍሊንቶፍ እየመታ ሳለ ትከሻው ተቀጨ። ሐኪም ገብቶ አሸው። እሱ ግን ከመጨረሻው ሰው ጋር ሆኖ መምታቱን ቀጠለና 73 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያው ትከሻ መወርወር ጀመረና በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሁለት ሰው አስወጣ። በመጨረሻው ቀን አውስትራሊያ ሁለት ሰው ቀርቷት 107 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። ሁሉም አለቀላት ሲል እየተጠጋች፣ እየተጠጋች መጣች። በመጨረሻ እንግሊዝ በ2 ነጥብ ብቻ አሸነፈች። ጓደኞቹ ሲጨፍሩ ፍሊንቶፍ ተንበርክኮ የተሸነፈውን ብሬት ሊን ትከሻውን ይዞ አጽናናው። ሊን ያን ጠዋት ሙሉ ሰውነቱ እስኪበልዝ በኳስ ሲመታው የነበረው ራሱ ፍሊንቶፍ ነው። በዚያ በጋ በአምስቱ ቴስቶች 402 ነጥብ አስቆጠረ፤ 24 ሰው አስወጣ። እንግሊዝም ሸክላዋን አገኘች።

ከዚያ በኋላ ዕዳው መጣ። ያው የግራ ቁርጭምጭሚት በ2006 እንደገና ተቀደደ። በ2007 ደግሞ ሁለት ጊዜ። ሲደመር አራት ኦፕራሲዮን በአንድ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። በመካከሉ ገና ሳይጠነክር አለቃ አድርገው ወደ አውስትራሊያ ላኩትና 5 ለ 0 ተሸነፉ። በ2007 የዓለም ዋንጫ ላይም ሌሊት ጠጥቶ፣ በእግር በምትዘወር ጀልባ ባሕር ገብቶ ተገኘና ከምክትል አለቅነቱ ተሻረ። በዚያን ጊዜ መንፈሱ ክፉኛ ታምሞ እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። ይህን ያነሳነው ልናማው አይደለም። የሚያነክስ ሰው የሚታመመው እግሩን ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

በ2009 በደቡብ አፍሪካ ሲጫወት የቀኝ ጉልበቱ ልስልስ አጥንት ተቀደደ። በእኛ ቋንቋ ጉልበት ስንል መገጣጠሚያውም ኃይሉም ነው፤ ለእሱም ሁለቱ አብረው ሄዱ። በሐምሌ ወር፣ ሎርድስ በሚባለው የለንደን ሜዳ ቴስት ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ «ከዚህ በጋ በኋላ ቴስት አልጫወትም፤ ሰውነቴ አልቻለም» ሲል አስታወቀ። ከዚያ ገባና በጉልበቱ መርፌ እየተወጋ፣ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ያለ ዕረፍት ወረወረ። በሁለተኛው ተራ አምስት ሰው አስወጣ። እንግሊዝ አውስትራሊያን በዚያ ሜዳ ከ1934 ወዲህ አሸንፋ አታውቅም ነበር፤ በዚያ ቀን አሸነፈች። በአራተኛው ግጥሚያ ጉልበቱ እንቢ አለና ሳይሰለፍ ቀረ። በአምስተኛው ተመለሰ፤ ከሩቅ በአንድ ውርወራ ችካሉን መትቶ የአውስትራሊያውን አለቃ ሪኪ ፖንቲንግን ሩጫ ላይ አስወጣው። አሽስን እንደገና እንግሊዝ አሸነፈች። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ኦፕራሲዮን ሆነ። ዓመት ጠበቀ፤ አልዳነለትም። በ2010፣ በ32 ዓመቱ ክሪኬትን ተወ።

ያ ማስታገሻ መርፌ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም? እኛ በዚህ አልተስማማንም። አንዳችን «አገሩ ጠርታዋለች፤ ምን ያድርግ» አለ። ሌላው «መርፌው ሕመሙን ነው እንጂ ቁስሉን አይሽረውም፤ ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛውን አስተኝተው ቤቱን አሰረቁት» ሲል ተከራከረ። አባባ ግን ሐኪምም ደሞዝም እንደሌላቸው እናውቃለን። ፍሊንቶፍ ቢያነክስ በምትኩ የሚሰለፍ ሰው ነበረ፤ በእሳቸው ምትክ ሞፈር የሚጨብጥ የለም። ለዚህ ነው ያን ቀን መልስ ያጣነው። ጤና ጣቢያው ድረስ በበቅሎ ልናደርሳቸው፣ የሁለት ቀኑን እርሻ ደግሞ ተካፍለን ልናርስላቸው ተነጋግረናል። ማረሱን በደንብ ባንችልም ካጠገባችን ሆናችሁ ታርሙናላችሁ።

የፍሊንቶፍን ነገር እንጨርስ። ክሪኬትን ከተወ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ በ36 ዓመቱ ለላንካሻየር ቡድን ሊጫወት ተመለሰ። ይህ አምስት ቀን የሚፈጀው ሳይሆን በአንድ ምሽት የሚያልቀው አጭሩ ጨዋታ ነው። ለፍጻሜ የደረሱት በዚያው በኤጅባስተን ሜዳ ነበር። በወረወራት በመጀመሪያይቱ ኳስ ሰው አስወጣ። መጨረሻ ላይ ዱላውን ይዞ ገባና በስምንት ኳስ 20 ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑ በ4 ነጥብ ተሸነፈ።