የወደቀ ዋጋና የተዘጋ በር፦ በጂኦፖለቲካዊ ቀውስ ወቅት በውጭ አገር የአክሲዮን ገበያ መዋዕለ ንዋይ ስለ ማፍሰስ



ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 የሩሲያ ጦር ወደ ዩክሬን በዘመተ ዕለት የሞስኮ የአክሲዮን ገበያ ኢንዴክስ በአንድ ቀን ብቻ የዋጋውን አንድ ሦስተኛ ያህል አጣ። በዚያው ምሽት በአውሮፓ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ዶክተር፣ የሩሲያ አክሲዮን እንዲህ ረክሶ አያውቅም፤ ለንደን ላይ የሚሸጠውን ብገዛ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። እኔም ለዓመታት ያስተማርሁትን መለስሁለት፤ ኩባንያዎቹ ትርፋማ መሆናቸውን፣ የገበያ ድንጋጤ ብዙ ጊዜ እንደሚያልፍ፣ ከቁጠባው ጥቂቱን ብቻ ቢያውል ጉዳቱ እንደማይከፋ ነገርሁት። ተማሪዬ ገዛ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የገዛውን መሸጥ የማይችል ሰው ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እርሱን ያስታጠቅሁት ግን እኔ ነበርሁ።

ስሕተቴ የት ላይ ነበር? ስለ ኩባንያዎቹ የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። ትልቁን የሩሲያ ባንክ ስበርባንክን እንመልከት። ይህን ባንክ የሚወክለው የተቀማጭ ሰነድ ለንደን ላይ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ከ10 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ማርች 2 ቀን ወደ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ወረደ። በማግሥቱ የለንደን ገበያ የበርካታ የሩሲያ ኩባንያዎችን ሰነዶች ግብይት አገደ። ባንኩ ግን አልከሰረም። በ2023 ዓመት 1.5 ትሪሊዮን ሩብል ገደማ የተጣራ ትርፍ አስመዘገበ፤ ለባለአክሲዮኖቹም ከፍተኛ የትርፍ ድርሻ አከፋፈለ። እንግዲህ በዚያች ሳምንት «ይህ ባንክ አይወድቅም» ብሎ የገዛ ሰው ስለ ባንኩ በትክክል ፈረደ፤ ገንዘቡን ግን አጣ። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት የሚደረግ ሙከራ ነው።

አክሲዮን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የኩባንያ ቁራሽን ነው። በውጭ አገር ገበያ የሚገዛ አክሲዮን ግን በተግባር የቃል ኪዳን ሰንሰለት ነው። ኩባንያው ለአገሩ የአክሲዮን መዝገብ ቤት ይታመናል፤ መዝገብ ቤቱ ንብረት ለሚጠብቀው ባንክ፣ ያ ባንክ በሌላ አገር ላለው ባንክ፣ ይህኛው ደግሞ ለደላላው፣ ደላላው ለእናንተ። በሰላም ጊዜ ይህ ሰንሰለት አይታይም፤ በስልካችን ላይ የምናየው ዋጋውን ብቻ ነው። ጂኦፖለቲካዊ ቀውስ ሲመጣ ከቀለበቶቹ አንዱ በመንግሥት ትእዛዝ ይበጠሳል። ያን ጊዜ ኩባንያው በአንድ ወገን፣ ባለአክሲዮኑ በሌላ ወገን ይቀራሉ።

በሩሲያ የሆነው በትክክል ይህ ነው። የሞስኮ ገበያ የአክሲዮን ግብይት ከፌብሩዋሪ 28 ጀምሮ ተዘጋ። ማርች 24 ቀን በ33 አክሲዮኖች ብቻ ሲከፈት የውጭ አገር ባለይዞታዎች እንዳይሸጡ ተከለከሉ። ምዕራባውያን መንግሥታት ተቀማጩ 300 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚገመተውን የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ንብረት አገዱ። ሞስኮ በበኩሏ «ወዳጅ ካልሆኑ» አገሮች ለመጡ ባለአክሲዮኖች የሚገባውን የትርፍ ድርሻ ያለ ፈቃድ ገንዘብ በማይወጣበት ልዩ ሒሳብ ውስጥ አስቀመጠች። ታላላቅ ፈንዶች የሚመሩበትን ኢንዴክስ የሚያዘጋጀው ኤም.ኤስ.ሲ.አይ. የሩሲያን አክሲዮኖች በዜሮ ዋጋ ያህል ከዝርዝሩ አወጣ። የኖርዌይ መንግሥት ግዙፉ የነዳጅ ፈንዱ የሩሲያ ይዞታውን እንዲሸጥ ወሰነ፤ ገበያው ተዘግቶ ስለ ነበር ግን ውሳኔውን መፈጸም አልቻለም። እንዲህ ያለ የባለሙያ ሠራዊት ያለው ፈንድ በሩ ላይ ከቆመ፣ በስልኩ የሚገዛው ግለሰብ እንዴት ሊወጣ ይችላል?

በትሩ ያረፈው በአንድ ወገን ላይ ብቻ አይደለም። በሩሲያ ደላሎች አማካይነት የአሜሪካና የአውሮፓ አክሲዮን የገዙ ተራ ሩሲያውያን ቆጣቢዎችም ሰንሰለታቸው በአውሮፓ በኩል ተቆርጦ ንብረታቸው ታገደባቸው። የሰነዱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ መዝገቡ ቢናገርም፣ በባለቤትነቱ ለመጠቀም የሁለት መንግሥታት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር።

«ታሪክ ግን በቀውስ ጊዜ የገዙ ሰዎች እንደ ከበሩ ያሳያል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲቀሰቀስ የኒው ዮርክ ገበያ ከጁላይ 1914 መጨረሻ ጀምሮ ከአራት ወራት በላይ ተዘጋ፤ ከተከፈተ በኋላ በ1915 የዳው ጆንስ ኢንዴክስ ከ80 በመቶ በላይ አደገ። በዚያው ዘመን የሩሲያን ንጉሣዊ መንግሥት ቦንድ የገዙ የፈረንሳይ ቆጣቢዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1918 መጀመሪያ አዲሱ የሶቪየት መንግሥት ዕዳውን እንደማይቀበል ሲያውጅ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሁለቱም አንድ ጦርነት አይተዋል። የለያቸው የፍርሃታቸው መጠን ወይም የገዙበት ዋጋ ርካሽነት አልነበረም። በአንደኛው ዘንድ ሰንሰለቱ ተንገላታ እንጂ አልተቆረጠም፤ በሌላኛው ተቆረጠ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ በቀውስ ጊዜ የሚወድቅ ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊነግረን ይችላል። አንዱ ሰዎች መደንገጣቸውን ነው፤ ይህ ያልፋል። ሌላው መብቱ ራሱ አጠራጣሪ መሆኑን ነው፤ ይህን ጊዜ ብቻውን አያድነውም። የሩሲያ አክሲዮኖች ከጦርነቱ በፊትም ለዓመታት ከሌሎች ታዳጊ ገበያዎች አንጻር ርካሽ ነበሩ። እኛ እንደ ስጦታ ያየነው ርካሽነት በከፊል የዚህ አደጋ ዋጋ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ያ ተማሪ ቢደውልልኝ ስለ ትርፍና ኪሳራ ከመናገሬ በፊት እጠይቀዋለሁ። አክሲዮኑ በማን ስም፣ በየትኛው አገር መዝገብ ላይ ይጻፋል? ሽያጩ በየትኛው ገንዘብ ይከፈላል፤ ክፍያውንስ ማን ሊያስቆም ይችላል? ገበያው ለዓመታት ቢዘጋ ያለዚህ ገንዘብ ልጆችህን ማስተማር ትችላለህ? ገንዘቡንም በአንድ አገር ሠላሳ ኩባንያዎች ላይ መበተን አደጋውን በተነ ማለት እንዳልሆነ እነግረዋለሁ፤ ሠላሳውም የሚወጡት በአንድ በር ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችን፣ የመድን ድርጅቶችንና ትላልቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ የአክሲዮን ወረቀት በሣጥናቸው የቀረባቸው ቤተሰቦች በአገራችን ነበሩ። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የካፒታል ገበያ አቋቁመናል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በይፋ ሥራ ጀምሯል። ነገ የውጭ ባለሀብት በደጃችን ሲቆም ከትርፋችን በፊት የሚመረምረው መውጫውን ነው። ይህን ጥያቄ እንደ ንቀት አንቁጠረው፤ እኔ ለተማሪዬ ልጠይቅለት ሲገባኝ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ነውና።