አስታማሚን ስለ ማሳረፍ
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



በዶርዜ ሕመምተኛ ይጠየቃል፤ ልማዱም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ጠያቂ በገባ ቍጥር እሳት የምታነደውና ቡና የምታፈላው ያችው ሌሊቱን ያልተኛችው አስታማሚ ናት። ጠያቂው መርቆ ይወጣል፤ እርስዋ ግን ከፊተኛው ይልቅ ደክማ ትቀራለች። እንግዲህ ጠያቂ ቡናውን ከቤቱ ይዞ ቢሄድ ነውር የለበትም።

ከዶርዜ ሸማኔዎች ብዙዎቹ በአዲስ አበባ፥ በሽሮ ሜዳና በሌላውም ሰፈር ሲሠሩ ከርመው ወደ አገራቸው የሚመለሱት ለመስቀል ነው። በደጋው የቀረችው ሴት እንሰት ትፍቃለች፤ ጥጥ ትፈትላለች፤ ውሃና እንጨት ትሸከማለች። በዚህ ላይ አማቷ አልጋ ላይ የወደቀች እንደ ሆነ፥ ገላዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ያህል ልታገላብጣት፥ ልታጥባትና ልታጎርሳት ይገባል፤ ይህም ሌሊትና ቀን አይለይም።

ሙሴ እጁ በዛለ ጊዜ አሮንና ሆር አልገሠጹትም፤ አስቀድመው ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፥ ከዚያም እጁን ደገፉ።

በእንግሊዝ አገር ራግቢ በተባለች ከተማ በ1974፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ክሮስሮድስ የተባለ ሥራ ተጀመረ፤ ይኸውም ሠራተኛ ወደ ሕመምተኛው ቤት እየላኩ ቤተ ሰቡን ለጥቂት ሰዓት ማሳረፍ ነበር። በእኛም አገር የኤች አይ ቪ ሕመም በበረታበት በ1990ዎቹ ዓመታት፥ በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር ሥራ አልፈው አልጋ ላይ የዋሉትን በየቤታቸው ይረዱ ነበር። ለሞተ የሚሰበሰብ ሕዝብ በሕይወት ላለው መሰብሰብ አያቅተውም።

ሰንበቴውም ሆነ ዕድሩ በገበያ ቀን እኩሌታውን ቀን የምትቀመጥ አንዲት ሴት ይመድብ፤ ለወንድ ሕመምተኛም ወንድ ይመደብ። ሕመምተኛ እንግዳ ፊት ይፈራልና ተተኪው በየጊዜው አይለዋወጥ፤ ደግሞም ብቻውን ሳይቀር በፊት ሁለት ሦስት ቀን ከአስታማሚዋ ጋራ ውሎ አገላበጡንና የመድኃኒቱን ሰዓት ይማር። የቍስል ምልክት ቢያይ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገር።

አንዳንዱ ግን «አማቷን ለባዳ ጥላ ሄደች» ይላል። ብዙዋን ሴት ከቤት አስሮ የያዛት ድካሙ ሳይሆን ይህ ሐሜት ነው። ሐሜቱን ካህናት በንስሐ ልጆቻቸው ቤት ቢከለክሉት ይበርዳል። ያረፈችውም ሴት ወዴት እንደ ሄደች አትጠየቅ፤ ገበያ ትሂድ፥ ቤተ ክርስቲያን ትሳም፥ ወይም በጎረቤት ቤት ትተኛ።

ለመስቀል የሚገቡትም ወንዶች ልጆች ከበዓሉ ሌሊቶች ጥቂቱን በእናታቸው አልጋ አጠገብ ይደሩ፤ ሸማ የሚሠራ እጅ ሕመምተኛ ለማገላበጥ አይከብደውም።