ዓይን ወረፋ አይጠብቅም



እ.ኤ.አ. በ1890 ጆናታን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ ሽማግሌ ጽፎ ነበር። ሰውየው ባርኔጣ ማድረግ አቃታቸው። ለምን ቢሉ፣ በራሳቸው ግራና ቀኝ ያሉት የደም ሥሮች ቀልተውና አብጠው፣ ባርኔጣው ሲነካቸው አላስቀምጥ አላቸው። ነገሩ ያስቃል። ግን ይህ በሽታ ዓይን ያጠፋል።

በሽታው የደም ሥር ግድግዳ መቆጣት ነው። ግድግዳው ያብጣል፣ መተላለፊያው ይጠባል፤ ወደ ዓይን ነርቭ የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ብርሃኑም አብሮ ይሄዳል። ከ50 ዓመት በታች ያለን ሰው አይነካም ማለት ይቻላል። ከወንድ ይልቅ ሴትን፣ ከሌላው ዓለም ይልቅ የሰሜን አውሮፓን ሰው ያጠቃል። ታዲያ እኛን አይመለከትም ማለት አይደለም! እማማ «ከዚህ በፊት የማላውቀው ራስ ምታት ያዘኝ፤ ፀጉሬን ሳበጥር ያመኛል፤ ሳኝክ መንጋጋዬ ይዝላል» ሲሉን፣ ምች ነው፣ ጥርስ ነው፣ እርጅና ነው እያልን እናልፋለን። ከዚያ አንድ ዓይናቸው ለደቂቃዎች ጨልሞ ይመለሳል። ያቺ የመጨረሻዋ ማስጠንቀቂያ ልትሆን ትችላለች። አንዴ የጠፋ ዓይን የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ሁለተኛውም በቀናት ውስጥ ሊከተል ይችላል።

ለብዙ ዘመን ማረጋገጫው ምላጭ ነበር። ከጆሮ በላይ ካለው ሥር ትንሽ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት። ችግሩ ቁጣው እየዘለለ ነው የሚቀመጠው፤ የተቆረጠችው ቁራጭ ጤነኛዋ ከሆነች በሽተኛው «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል። ኤም.አር.አይ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በጀርመን የፍራይቡርግ ሐኪሞች ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንዳሳዩት፣ ጋዶሊኒየም የሚባል ማድመቂያ በደም ሥር ተሰጥቶ ሲነሳ፣ የተቆጣው ግድግዳ ወፍሮና ደምቆ ይታያል። ያውም የግራውም የቀኙም ባንድ ጊዜ። መቁረጥ የለ፣ ጨረር የለ። (ጩኸቱስ ለጉድ ነው!)

አንድ እንከን ግን አለ። መድኃኒቱ ስቴሮይድ ነው፤ ቁጣውን ሲያበርድ ምስሉንም ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ምርመራው ሕክምናው በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መደረግ አለበት። «እንግዲያው መድኃኒቱ ይቆይ» የሚል ካለ ተሳስቷል። የአውሮፓ የሩማቲዝም ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ምርመራ ሕክምናን ማዘግየት የለበትም ብሏል። ያው መመሪያ ባለሙያው ካለ ያስቀደመው አልትራሳውንድን ነው፤ ኤም.አር.አይ አማራጭ ነው።

እኛ ጋ ማሽን ሲመጣ ሪባን ሲቆረጥ በቴሌቪዥን እናያለን። ምስሉን የሚያነበው ማነው? ማድመቂያውስ አለ ወይ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። የደም ዝቅጠት ምርመራው ኢ.ኤስ.አር ግን ተራ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ፕሬድኒሶሎንም የቆየና ርካሽ ክኒን ነው። በራሳችን የምንውጠው አይደለም፤ ሐኪም ይዘዘው። ነገር ግን «ዓይናቸው ጨልሞ ተመለሰ» ያልነው ሐኪም የሳምንት ቀጠሮ ከሰጠን፣ ወረቀቱን ተቀብለን ዝም ብለን አንውጣ። ዛሬውኑ ይታዩ እንበል።