አንድ ሌንስ ብቻ ሲፈቀድ፦ ለመስክ ጥናት ሁለገብ ዙም ሌንስ ስለ መምረጥ



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ የገበያ ወሬ ሊመስል ይችላል። ማስታወቂያውን ያየ አንድ ወዳጄም «ከመቼ ወዲህ ነው ሌንስ ነጋዴ የሆንኸው?» ብሎኛል። ነገር ግን ለመስክ ጥናት የሚወጡ አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ያላቸው ገንዘብ ከአንድ ካሜራና ከአንድ ሌንስ አያልፍም። ያም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ባሕር ማዶ ባለ ዘመድ ሻንጣ ነው። ዕቃው አልስማማ ቢል መልሶ የሚቀይር የለም። ስለዚህ ምርጫው አንድ ጊዜ የሚደረግ ነው፤ አስቦ ማድረግም ይገባል።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማኅሌትን ሥርዓት በፎቶግራፍ ለመሰነድ ወደ አንድ የገጠር ደብር ሄጄ ነበር። መስተዋት አልባ ካሜራዬ ላይ የገጠምሁት ከ24 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ነበር፤ «ሁሉን ይሠራል» ተብሎ የተገዛ። ብርሃኑ የጧፍና የአንዲት አምፖል ነው። ራቅ ያለውን ለማቅረብ ሌንሱን ሳስረዝመው የብርሃን መግቢያው ወደ ኤፍ 5.6 ጠበበ። አይ.ኤስ.ኦ.ውን 6400 አድርጌ እንኳ ካሜራው የሰጠኝ የሸተር ጊዜ የሰከንድ 1/15ኛ ነበር። ሌንሱ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም ሥርዓት ስላለው አልሰጋሁም። በማግስቱ ፎቶግራፎቹን ስመለከት ዓምዶቹ፣ መጋረጃው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ከበሮ ጠፍር ሳይቀር ጥርት ብለው ይታያሉ። ሊቃውንቱ ግን ከነመቋሚያቸው እንደ ጢስ ተበትነዋል። ዝማሜውን የሚመሩት የአረጋዊው መሪጌታ ፊት አይለይም። በዓመቱ ስመለስ መሪጌታው አርፈው ነበር።

ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም። አራሚው ሥርዓት የሚያርመው የእኔን እጅ እንጂ የእርሳቸውን እንቅስቃሴ አልነበረም። የሚንቀሳቀስን ሰው የሚይዘው አጭር የሸተር ጊዜ ነው፤ አጭር ጊዜ ደግሞ ብዙ ብርሃን ይጠይቃል። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 4 ስንመጣ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል፤ ወደ ኤፍ 2.8 ስንደርስ አራት እጥፍ። ያን ሌሊት ኤፍ 2.8 ቢኖረኝ ኖሮ 1/15ኛው 1/60ኛ ይሆን ነበር። ይህ ዝማሜውን ሙሉ በሙሉ አያቆመውም፤ በሁለት እንቅስቃሴ መካከል ባለችው ዕረፍት ግን ፊትን ይይዛል። «ፍላሽ ለምን አላበራህም?» የሚለኝ ካለ፣ በጸሎት ላይ ባለ ሰው ፊት መብረቅ ማብረቅ የተሰጠንን ፈቃድ በገዛ እጃችን መቅደድ ነው።

ታዲያ ሁላችንም ኤፍ 2.8 እንግዛ ማለት ነው? እኔም ለሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። ከ24 እስከ 70 የሚደርሰው፣ ኤፍ 2.8ን ከዳር እስከ ዳር የሚይዘው ሌንስ ግሩም መሣሪያ ነው። ክብደቱን ግን ተመልከቱ። የሶኒ የመጀመሪያው ጂ ማስተር 886 ግራም ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ወደ 695 ወርዷል፤ ዋጋው ግን ከተማሪ ኪስ ጋር አሁንም አይተዋወቅም። ታምሮን ከ28 እስከ 75 የሚደርስ፣ ቀለል ያለና ረከስ ያለ ኤፍ 2.8 አለው። እዚህ ላይ ግን 28 የምትለዋ ቁጥር ታሳስበኛለች።

በ24 እና በ28 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ አራት ሚሊ ሜትር ነው። በፉል ፍሬም ካሜራ ሥዕል ካለበት ግድግዳ በ4 ሜትር ርቀት ብትቆሙ፣ 24ቱ 6 ሜትር ስፋት ያሳያችኋል፤ 28ቱ ደግሞ 5 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከረድፉ ውስጥ አንድ ጻድቅ ከእነ ዘንጉ ውጭ ቀረ ማለት ነው። (ሣቅ) ወደ ኋላ መሄድ ይቻል ይሆን? ላሊበላ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ወደተፈለፈለው ጉድጓድ የወረደ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ ከኋላው ያለው አለት ነው። በረጅሙ ጫፍ የጎደለን ነገር ግን በከፊል መካካስ ይቻላል። በ105 ሚሊ ሜትር የተነሣን የ24 ሜጋ ፒክስል ፎቶግራፍ 200ው የሚያሳየውን ያህል ብትቆርጡት ወደ 6 ተኩል ሜጋ ፒክስል ይቀራችኋል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ገጽ ይበቃል። በሰፊው ጫፍ ያልገባውን ግን ማንም አይጨምረውም።

በነገራችን ላይ፣ ለ35 ሚሊ ሜትር ፎቶ ካሜራ የተሠራው የመጀመሪያው ዙም፣ የ1959ኙ የፎግትሌንደር ዙማር፣ ከ36 ነበር የሚጀምረው፤ እስከ 82 ይደርሳል። መስተዋቱ ከመካከል ከወጣ ወዲህ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ መቅረብ ችሏል። ኒኮን በቀድሞው አሠራር በሌንሱ መግጠሚያና በሴንሰሩ መካከል 46.5 ሚሊ ሜትር ይተው ነበር፤ ዛሬ 16 ነው። ለሰፊ ሌንስ ንድፍ ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። ዋጋም አለው፤ ሌንሱ ሲወልቅ ከሴንሰሩ ፊት የሚቆም መስተዋት የለም። አንዳንድ ካሜራ ሲጠፋ መጋረጃውን ይዘጋል፤ ብዙዎቹ አይዘጉም። በጥምቀት ዕለት፣ በሕዝብ መካከል፣ በጥር አቧራ ሌንስ መቀየር ምን እንደሚያስከትል ከዚያ በኋላ በነበሩት ፎቶግራፎቼ ሰማይ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። አንድ ሁለገብ ሌንስ የምንፈልግበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ መካከለኛው ነው፤ ከ24 ጀምሮ እስከ 105 ወይም 120 የሚደርስ፣ ኤፍ 4ን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዝ። የሶኒው 663 ግራም ነው፤ የካኖኑ 700፤ የኒኮኑ 24-120 ደግሞ 630። ከሦስቱ መካከል ለብራና ጥናት የምትወጡት አንድ ነገር አስተውሉ። የኒኮኑ በቅርብ ሲያነሣ የነገሩን 0.39 ያህል ሴንሰሩ ላይ ያሳርፋል፤ ይህም 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ሐረግ ፎቶግራፉን ሞልቶ ማየት ነው። የሶኒው 0.31 ነው። የካኖኑ 0.24 ብቻ ስለሆነ ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች አይጠብም። ይህ ግን ካሜራ ያለውን ሰው ብራንድ አያስቀይረውም።

ኤፍ 4 ግን የማኅሌቱን ሌሊት አያድንም። ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። በ1/15ኛ ፋንታ 1/30ኛ ነው የሚሰጠኝ፤ ሊቃውንቱ ከጢስነት ወደ ጥላነት ይመለሳሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ስለዚህ ከዙሙ ጋር ባለ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8፣ ትንሽና ርካሽ ሌንስ በኪስ ትያዝ እላለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ገጥማችኋት ግቡ፤ አቧራው ውስጥ አትቀይሩ። ለሁለተኛ ሌንስ ፈጽሞ ገንዘብ የሌለው፣ ጥናቱም በሌሊት ሥርዓት ላይ የሆነ ተማሪ ግን ምክሬን ይተወውና የታምሮኑን ኤፍ 2.8 ይግዛ፤ አንዱ ጻድቅ ውጭ ይቅርበት።

ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ኤ.ፒ.ኤስ.ሲ የሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ካሜራ መሆኑን አውቃለሁ። በእርሱ ላይ 24-105 ብትገጥሙ ከ36 እንደሚጀምር ሆኖ ነው የሚያሳያችሁ፤ ወደ 1959 ተመለሳችሁ ማለት ነው። ለእናንተ ከ16 ወይም ከ17 የሚጀምር ሌንስ ነው የሚበጃችሁ። ከካሜራው ጋር የመጣውን 16-50 አትናቁት፤ በቀን ብርሃን ሥራውን ይሠራል።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የቀድሞ ፎቶግራፎቻችሁን ክፈቱ። እያንዳንዱ ፋይል የተነሣበትን ሚሊ ሜትርና የሸተር ጊዜ መዝግቦ ይዟል። እኔ የራሴን ስቆጥር ከ150 በላይ የተነሡት ከሞላ ጎደል የወፎችና የተራሮች ነበሩ፤ የጥናቴ ጉዳይ ግን ወፍ አይደለም።

የመምሪያው 24-105ና ባለ 50ዋ ጠረጴዛው ላይ አሉ። የአዳራሹን መብራት እናደበዝዛለን፤ ከመዘምራኑ ሁለት ተማሪዎች ከነመቋሚያቸው ወደ መድረኩ ይወጣሉ። ካሜራ የያዛችሁ ቅረቡና በሁለቱም አንሡ፤ ጥያቄዎቻችሁን ፎቶግራፎቹን ካየን በኋላ እቀበላለሁ።