መንገዱም ሐቅ አለው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ስለ ሶላት፣ ስለ ዘካና ስለ ልጅ አስተዳደግ ስንነጋገር ቆይተን ዛሬ ስለ ብስክሌት እንነጋገር ስንል ፈገግ የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ዲናችን ከቤት ስንወጣ ደጃፍ ላይ ትተነው የምንሄደው ነገር አይደለም። በምን እንደምንጓዝ፣ ለመጓጓዣው ምን ያህል እንደምናወጣ፣ ስንጓዝም ማንን እንደምናስቸግር ሁሉ ይመለከተዋል።

ሰባተኛን የምታውቁ ሁሉ የምንለውን ትረዱታላችሁ። ከአውቶቡስ ተራ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ በሥራ ሰዓት ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ጭነት የሞላ አይሱዙ፣ ሚኒባስ ታክሲ፣ የቤት መኪና፣ ጋሪ የሚገፋ ወጣት፣ ጆንያ የተሸከመ ወዛደር፣ ልጇን ያዘለች እናት፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ይጋፋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ሰባተኛም የራሷን ፌርማታ አግኝታ ነበር፤ መጨናነቁ ግን አልቀረም። ከዚህ ሁሉ መካከል ብዙውን ቦታ የያዘው ብዙ ሰው የጫነው አይደለም። አንድ ሰው ብቻ የተቀመጠበት የቤት መኪና ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ መኪና ሐራም ነው አላልንም፤ አንልምም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ለመጓጓዣና ለጌጥ እንደፈጠረልን ከነገረን በኋላ፣ ገና የማናውቀውንም እንደሚፈጥር ያወሳል። ብዙ ዑለማእ የዛሬውን መጓጓዣ ሁሉ በዚህ ውስጥ ያስገቡታል። ስለዚህ መኪናም ብስክሌትም የአላህ ጸጋዎች ናቸው። ጥያቄው ጸጋው እኛን ያገለግለናል ወይስ እኛ እርሱን እናገለግለዋለን የሚለው ነው።

በሰፈራችን ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። ቤቱ ከሱቁ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ የማይሞላ ነጋዴ፣ ሥራው ገና ቆሞ ሳይሄድ፣ ለመኪና ሲል ዕዳ ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ እያወቀ ወደ ወለድ ይሄዳል። ወለድ ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገንም። ሌላው ከወለድ ነፃ በሆነ መንገድ ይገዛል፤ ይህ ከሐራም ያድነዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ይሁን እንጂ ሐላል ዕዳም ዕዳ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዕዳ ጫና በአላህ ይጠበቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ነዳጁ አለ፣ ጋራዡ አለ፣ የመኪና ማቆሚያው አለ። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ወጪው ምን ያህል እንደከበደ ባለቤቶቹ ይናገሩት። የሱቁ ገንዘብ በመንገድ ላይ ይቀልጥና የልጆች ትምህርትና የወላጅ መጦሪያ ይጎድላል።

ይህ ሁሉ ለምን ሲባል ነው? ብዙውን ጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል የሚል ነው። ሰርግ ሲደርስ አማቶች ስለ ሙሽራው መኪና ይጠይቃሉ። በእግሩ የመጣ እንግዳ እንደ ድሃ ይታያል። በሳይክል ሱቁ የሚሄድ ነጋዴ ቢገኝ፣ ከሰረ እንዴ ተብሎ ይወራበታል።

እስቲ ከሰው ሁሉ በላጭ የሆኑትን ነቢይ እናስብ። እርሳቸው (ሰ.ዐ.ወ) አህያ ይጋልቡ ነበር፤ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልንም (ረ.ዐ) ከኋላቸው አፈናጠዋል። ወደ ቁባ መስጂድ አንዳንዴ በእግራቸው፣ አንዳንዴ ደግሞ ተጋልበው በየቅዳሜው ይሄዱ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። በኑ ሰሊማዎች ከመስጂዱ ርቀው ይኖሩ ስለነበር ወደ እርሱ ቀርበው ለመስፈር ሲያስቡ፣ ባሉበት እንዲቆዩና እርምጃቸው እንደሚጻፍላቸው ነግረዋቸዋል። ለጁምዓ በጊዜ ተነስቶ፣ ሳይጋልብ በእግሩ ለሚሄድ ሰውም ታላቅ ምንዳ ተነግሯል። በሱረቱል ፉርቃን የአር-ረሕማን ባሮች መጀመሪያ የተመሰገኑት በምድር ላይ በእርጋታና በመተናነስ በመሄዳቸው ነው። እንግዲህ በእግር መሄድ ወይም በቀላል ነገር መጓዝ እንዴት ውርደት ሊሆን ይችላል?

አድማጮቻችን፣ ሁለተኛው ጉዳይ የመንገድ ሐቅ ነው። ሰሐቦች (ረ.ዐ) መንገድ ዳር መቀመጥ የማይቀርላቸው መሆኑን ሲገልጹ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንግዲያውስ ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጡት አዘዋቸዋል። ከሐቆቹም አንዱ ሰውን ከማስቸገር መታቀብ ነው። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገር ማንሳትም ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አስተምረዋል። እሾህ ማንሳት ኢማን ከሆነ፣ በጁምዓ ቀን የእግረኛውን መሄጃ ዘግቶ መኪና አቁሞ መግባት ምን ሊባል ነው? ያ ሽማግሌ፣ ያች ነፍሰ ጡር፣ ያ ዓይነ ስውር ወደ አስፋልቱ ወርደው ከመኪና ጋር የሚጋፉት እኛ አላህ ፊት ቆመን ሳለ ነው።

ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በከተማችን በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት መካከልም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። መኪና የሌለው በመኪና ይሞታል ማለት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ጭስ ባያወጣም የሚይዘው ቦታ ግን ያው ነው።

ሆላንድን ተመልከቱ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ሕፃናት በመኪና እየተገጩ ሲያልቁ ወላጆች አደባባይ ወጡ። በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣም መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ከዚያ በኋላ የብስክሌት መንገዶችን በስፋት ሠሩ። ሀብታም አገር ሆነው ሳለ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ማርክ ሩተ ወደ ቢሯቸው በብስክሌት ይመላለሱ ነበር። ከሰሩ ያላቸው የለም።

ብስክሌት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረውላታል። በሜዳማዋ ባሕር ዳር ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ሲመላለስ ኖሯል። በአዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መንገዶች ለእግረኛና ለብስክሌት የሚለቀቁበት እሑድ ተጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል።

አንዳንዶቻችሁ ትሉን ይሆናል፤ ዳገቱስ? እውነት ነው፤ ከተማችን ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምትወርድ ናት፤ የወረደ ይወጣል። ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት ግን ነውር የለበትም። ክረምቱስ? በዝናብ ቀን ታክሲ ወይም አውቶቡስ አለ። አደጋውስ? ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው፤ ራስን ወደ ጥፋት መጣል ዲናችን አይፈቅድም። ስለዚህ መስመር በሌለበትና ከባድ መኪና በሚበዛበት ሰዓት አትግቡ፤ የራስ ቁር አድርጉ፤ ፍሬኑን ሳትፈትሹ አትነሱ፤ ማታ ያለ መብራት አትንዱ። እናንተ ሾፌሮችም ብስክሌተኛው የሰው ልጅ አባት መሆኑን አስታውሱና ራቅ ብላችሁ እለፉት።

ሴት ልጅስ ብስክሌት መንዳት ትችላለች ወይ የሚል ጥያቄም ይነሳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመል የሚጋልቡ ሴቶችን ሲያወሱ የቁረይሽን ሴቶች አወድሰዋል። መጋልቡ በራሱ ነውር ቢሆን ኖሮ በዚህ ባልተወሱ ነበር። ሒጃቧን የጠበቀች፣ ልብሷ ካቴናው ውስጥ እንዳይገባ የተጠነቀቀች፣ መንገዱም የማያሰጋት እህታችን ወደ ትምህርት ቤቷ በብስክሌት ብትሄድ ልንከለክላት የሚያስችል ማስረጃ አናይም።

የጤናውም ጥቅም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ስኳርና ደም ግፊት ለያዛቸው ነጋዴዎቻችን ይህ መድኃኒት ቤት የማይሸጥ መድኃኒት ነው። ጤና ደግሞ አማና ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሁላችሁም ነገ መኪናችሁን ሽጡ አንልም። በሽተኛ የሚያመላልስ፣ ዕቃ የሚጭን፣ በመኪናው የሚተዳደር አለ። ነገር ግን ገና ለመግዛት የምታስቡ ወንድሞች፣ በእርግጥ የሚያስፈልጋችሁ ለጉዞ ነው ወይስ ለዓይን ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መኪና ያላችሁም በሳምንት አንድ ሁለት ቀን አቁሙትና በእግር ወይም በሳይክል ሞክሩት። ለጁምዓ በቅርብ ያላችሁ በእግራችሁ ኑ። የመስጂድ ኮሚቴዎች ደግሞ በግቢያችሁ ጥግ የብስክሌት ማቆሚያ ብረት አስተክሉ፤ ጥበቃውም ይያቸው፤ ብዙ ወጪ የለውም። ወላጆች፣ ልጃችሁን ያጫችሁለትን ሰው ስለ ዲኑና ስለ አኽላቁ ጠይቁ እንጂ ስለ መኪናው አትጠይቁ።

አላህ (ሱ.ወ) በሐላል የሚብቃቁ፣ በምድር ላይ በመተናነስ የሚሄዱ፣ ለመንገዱም ሐቁን የሚሰጡ ባሮቹ ያድርገን። መንገደኞቻችንን ሁሉ በሰላም ወደየቤታቸው ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።