የሚጮህ ፍሬን

ባህር ዳርም ሐዋሳም ጠዋት ጠዋት ከባጃጁ መሀል ሳይክሉ ይወጣል፤ የአንዳንዱ ፍሬን ጩኸት ከክላክስ ይብሳል። ርካሽ ማውንቴን ሳይክል ብዙውን ጊዜ ፍሬኑ በወጉ ሳይስተካከል ነው የሚሸጠው፤ ባለቤቱም «ዕቃው ነው» ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ዕቃውን ቶሎ አልወቅስም።

መጀመሪያ ቸርኬውን አሽከርክራችሁ እዩት። የሚወላገድ ከሆነ ፍሬኑን መነካካት ትርፉ ድካም ነው፤ ራጂው ይስተካከል። ቀጥ ካለ ወደ ላስቲኮቹ እንሂድ። ፍሬን ሲያዝ ላስቲኩ ማረፍ ያለበት የቸርኬው ብረት ላይ ነው። ከፍ ካለ ጎማውን እየበላ ያፈነዳዋል፤ ዝቅ ካለ ከቸርኬው ስር ሾልኮ ራጂ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለጩኸቱ ደግሞ ላስቲኩን የያዘውን ብሎን አላሉና የፊት ጫፉ ከኋላው አንድ ሚሊሜትር ያህል ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ አድርጋችሁ አጥብቁት።

አንዱ ላስቲክ ብቻ የሚታከክ ከሆነ እሱን በያዘው የፍሬን ክንድ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈልጉ። በካቻቪቴ ስታጠብቋት ሞላው ይጠነክርና ክንዱን ከቸርኬው ያርቀዋል። ሩብ ዙር፣ ጨብጦ መልቀቅ፣ ደግሞ ሩብ ዙር። ቸኩሎ ሙሉ ዙር የሚያዞር ሰው ሌላኛውን ወገን ያስታክካል።

ሽቦው ትንሽ ከላላ እጀታው ጋ ያለውን ክብ ማስተካከያ ወደ ውጭ መፍታት ይበቃል። የላስቲኩ ቦዮች ተበልተው ካለቁ ግን አዲስ ግዙ። ዘይት? ቸርኬ ላይ በጭራሽ! ጩኸቱም ፍሬኑም አብረው ይጠፋሉ።