ፍጹም ድህነትና አንጻራዊ ድህነት፤ ከሁለቱም የመውጣት ዕድል



ድህነት በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሁለት መልክ አለው። ፍጹም ድህነት ሰው በሕይወት ለመቆየት የሚያስፈልገውን ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያና ሕክምና ማጣቱ ነው። አንጻራዊ ድህነት ደግሞ አብሮት ከሚኖረው ኅብረተሰብ የኑሮ ደረጃ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ገቢው ከመካከለኛው ገቢ 60 በመቶ በታች የሆነ ሰው ለድህነት እንደ ተጋለጠ ይቆጠራል፤ ይህ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እራቱን በልቶ ያድራል። የዓለም ባንክ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2025 የከፋ ድህነትን ወሰን፣ የአገሮች የዋጋ ልዩነት ታስቦ፣ በቀን 3 ዶላር አድርጎታል።

የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮበርት ማክናማራ በመስከረም 1966 ዓ.ም. በናይሮቢ ባሰሙት ንግግር ሁለቱን የድህነት ዓይነቶች ለይተው አስረድተው ነበር። በዚያው ወራት የወሎ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ለእርዳታ ሠራተኛ ግን ከትርጉሙ ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም አንዱ ድህነት ወደ ሌላው የሚለወጠው እንዴት ነው? የሚለው ነው።

በአራሽ መንደር ጥማድ በሬ ያለው፣ አንድ በሬ ብቻ ያለውና ምንም የሌለው ገበሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ባለ አንድ በሬው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። በሬ የሌለው ግን ወይ መሬቱን በእኩል ይሰጣል፣ ወይም በጉልበቱ አገልግሎ በልዋጩ የጥቂት ቀን እርሻ ያገኛል፤ እርሱም የሚደርሰው ባለ በሬው የራሱን ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ባሏ የሞተባትና አራሽ የሌላት ሴትም ዕጣዋ ከዚሁ አይለይም። ዝናቡ ደኅና በሆነ ዓመት የእነዚህ ሰዎች ልዩነት አንጻራዊ ነው፤ ቢበዛም ቢያንስም ሁሉም ይበላሉ። ዝናብ በቀረ ዓመት ግን ያው ልዩነት ማን በቤቱ እንደሚቆይና ማን ወደ መጠለያ እንደሚሰደድ ይወስናል።

አማርትያ ሴን የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ያን የወሎ ረሃብ መርምረው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የረሃቡን ክብደት ያህል እንዳልናረ አሳይተዋል። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድነት ስላጣ፣ እህል በገበያ ቢገኝም የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። የአፋር ከብት አርቢም ከብቱ ከማለቁ በላይ፣ የተረፈው በእህል ሲለወጥ የሚያስገኘው እጅግ አንሶበት ነበር፤ በአዋሽ ሸለቆ ያለው የበጋ ግጦሹም ለጥጥ እርሻ ተወስዶበት ነበር።

በድርቅ ጊዜ ሁሉም ከብቱን ባንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ የበሬ ዋጋ ይወድቃል። በተከታዩ ክረምት ዝናቡ ቢመለስም፣ በሬውን የሸጠ ገበሬ የሚያርስበት የለውም። ያን ጊዜ ድርቁ አለፈ ይባላል፤ ድህነቱ ግን ሥር ሰዶ ይቀራል። ነፍስ አድን እህል የእንዲህ ያለውን ሰው ሕይወት ያተርፋል እንጂ ገበሬነቱን አይመልስለትም።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ በአብዛኛው ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ ተነሥቶ፣ በመተከል፣ በጋምቤላ፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በከፋ መስፈሩ ይታወሳል። ዓላማው ሰውን ከተራቆተ መሬት ወደ ለም መሬት ማዛወር ነው ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሳይወዱ የተወሰዱ ነበሩ፤ በቆላው ወባ ሰውን፣ ገንዲ በሬን ፈጀ፤ ቀድሞ በሥፍራው ይኖር የነበረውም ሕዝብ መሬቱን አጣ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰፋሪ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። ከዚህ እንደሚታየው፣ ፈቃድ፣ ጤናና የእርሻ መሣሪያ አብረው ካልተገኙ መሬት ብቻውን ከድህነት አያወጣም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሌላ መንገድ ሄዷል። ረሃቡ እስኪገባ ሳይጠበቅ፣ በየዓመቱ የምግብ እጥረት ለሚደርስበት ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል፤ መሥራት የሚችለው በእርከንና በመንገድ ሥራ ይሰማራል። ተረጂዎቹ በአንዳንድ ዓመታት ወደ 8 ሚሊዮን ደርሰዋል። ዓላማው ቤተሰቡ ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፉውን ወራት እንዲያልፍ ነው። ይሁንና ጥሪትን መጠበቅና ጥሪትን ማፍራት የተለያዩ ናቸው፤ ከተረጂዎች መዝገብ የተሰረዘ ሁሉ ከድህነት ወጣ ማለት አይደለም።

ስለሆነም በየቀበሌው መዝገብ ሲዘጋጅ፣ ስንት ሰው ተራበ ከሚለው ጋር ማን በሬውን ሸጠ፣ ማን መሬቱን በእኩል ሰጠ፣ ማን ለዘር ያስቀመጠውን በላ የሚለው አብሮ ሊጻፍ ይገባል። እነዚህ ምልክቶች የሚታዩት ሕዝቡ ከቀዬው ከመነሣቱ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ የሚደርስ ጥቂት እርዳታ በሬውን በጋጣው ያቆያል። ዘግይቶ የሚደርሰው ግን ምንም ቢበዛ የሚያገኘው በሬ አልባ ገበሬ ነው፤ ይህንንም ሰው እንደገና ለማቋቋም ብዙ ዓመትና ብዙ ሀብት ይጠይቃል።